ከጅማ አዲስ አበባ፦ አውሮፕላን፣ አውቶቡስ ወይስ ሚኒባስ?

ከጅማ እስከ አዲስ አበባ በአየር 262 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በመኪና መንገድ ደግሞ 350 አካባቢ። የበረራ ርቀት የሚያሰሉ ድረ ገጾች የመጀመሪያውን ቁጥር ይወስዱና በአውሮፕላን ሙሉ ፍጥነት አካፍለው «ግማሽ ሰዓት ገደማ» ይላሉ። ይህን አይቶ ጠዋት ጅማ ቁርሱን በልቶ፣ ረፋዱን መርካቶ ዕቃ ሊያማርጥ የሚያቅድ ሰው አይጠፋም። በሌላ በኩል «አውቶቡስማ ቀን ይበላል» ብሎ ውድ የከሰዓት ትኬት የሚቆርጥ አለ። እሱ ከተማ ሲገባ ቢሮው ሊዘጋ ትንሽ ቀርቶታል፤ ሌሊት አውቶቡስ የያዘው ጎረቤቱ ግን ጉዳዩን ጨርሶ ሻይ እየጠጣ ነው።

ኪሎ ሜትሩ ራሱ ብዙ አይነግርም። መጠየቅ ያለበት ከቤትዎ ደጃፍ ተነስተው ጉዳይዎ ያለበት ደጃፍ የሚደርሱት በስንት ሰዓት ነው የሚለው ነው። ይህን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ትኬቱ የጠዋት ነው ወይስ የከሰዓት፣ አዲስ አበባ ውስጥ የት ነው የሚሄዱት፣ ወቅቱስ ምንድን ነው።

262 እንዴት 350 ሆነ

አውሮፕላኑ ከጅማ አባ ሰጉድ ማረፊያ ተነስቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቀጥ ይላል። መኪናው ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ሰኮሩን አልፎ ጊቤን ይሻገርና በወልቂጤ፣ በወሊሶ፣ በቱሉ ቦሎና በሰበታ በኩል አየር ጤና ይገባል። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ቦሌ 2,330 ላይ። በመካከሉ የጊቤ ድልድይ 1,100 አካባቢ ወርዶ ይጠብቃል። ስለዚህ መኪና ከጅማ ተነስቶ ሽቅብ ከመሄዱ በፊት ብዙ መቶ ሜትር ቁልቁል መውረድ አለበት። ጥምዝምዙ የሚበዛውም፣ ሰዓቱ የሚያልቀውም እዚያ ነው።

ቁልቁለቱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጆሮ ይደፈናል፣ ጃኬት ይወልቃል፣ ሲነሱ ጀምሮ «ብርድ ነው ዝጉት» ሲባል የነበረው መስኮት አሁን «ክፈቱት በናታችሁ» ይባላል። ከፊት ጭነት የያዘ ተሳቢ ካለ ሾፌሩ ፍሬን ላይ እግሩን እንዳሳረፈ ይወርዳል፤ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ መኪና ውስጥ ይገባል። ተሳቢውን ለመቅደም የሚመች ቦታ ብዙ ስለሌለ ግማሽ ሰዓት እዚያ ቢያልቅ አይግረምዎ። ድረ ገጾቹ በ350 ኪሎ ሜትር ላይ አማካይ ፍጥነት አስልተው የሚሰጡት «አምስት ሰዓት» ይህን ቁልቁለት አያውቀውም።

ጅማ ለአውሮፕላን አዲስ አይደለችም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ካደረገ በኋላ ቀድመው ከተከፈቱት የአገር ውስጥ መስመሮች አንዱ የጅማ ነው። የቡና አገር ስለሆነችና መንገዱም አስቸጋሪ ስለነበር ይመስለኛል።

በረራው በእውነት ስንት ደቂቃ ነው?

በዚህ መስመር ላይ በብዛት የሚታየው ዳሽ 8 ኪው 400 የሚባለው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው። አምራቹ የሚሰጠው ከፍተኛ የጉዞ ፍጥነት በሰዓት 667 ኪሎ ሜትር ነው። 262ን በዚህ ቢያካፍሉት 24 ደቂቃ ይወጣል። ይህ ግን አውሮፕላኑ ከመሬት ሲነሳ ጀምሮ እስኪያርፍ ድረስ በሙሉ ፍጥነት ቢበር ነው፤ እንዲህ ያለ በረራ ደግሞ የለም። ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል፣ ለመውረድ ጊዜ ይፈልጋል፣ ቦሌ ሲቃረብም ከዓለም አቀፍ በረራዎች ጋር ተራ ይጠብቃል። አጭር በረራ ላይ የመውጣቱና የመውረዱ ድርሻ ስለሚበዛ አማካይ ፍጥነቱ በጣም ይወርዳል።

ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ከመነሻው ቦታ ከተንቀሳቀሰበት ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለውን ሁሉ ስለሚይዝ ከሃምሳ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቢያነቡ ትክክል ነው። ድረ ገጹ ከሚለው ወደ እጥፍ ይጠጋል ማለት ነው።

አሁን ከደጃፍ ደጃፍ እንቁጠረው። እንበል አውሮፕላኑ የሚነሳው ጠዋት 1:30 ነው። ቆጪ ወይም አጂፕ አካባቢ የሚኖር ሰው 11:30 ላይ ከቤት ቢወጣ ባጃጁ ቶሎ ያደርሰዋል፤ ማረፊያው ከከተማው ብዙ አይርቅም። አንድ ሰዓት ተኩል ቀድሞ መድረስ ደህና ነው። ፍተሻው ሁለቴ ነው፣ የቼክ ኢን መስኮቱ ደግሞ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ ቀደም ብሎ ይዘጋል፤ «ገና አልተነሳም እኮ!» ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም። 2:25 ገደማ ቦሌ ያርፋል። ሻንጣ ተቀብሎ 2:50 ደጅ ይወጣል። ሜክሲኮ ወይም ፒያሳ የሚሄድ ሰው መንገዱ ካልተጨናነቀ 3:40 አካባቢ ይደርሳል። በድምሩ አራት ሰዓት ከአሥር። ከዚህ ውስጥ አየር ላይ ያለው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

አውቶቡሱስ? በዚያው ቀን 11:30 ላይ ከመናኸሪያ የተነሳ ጥሩ አውቶቡስ ሁለት ዕረፍት ወስዶ ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ውስጥ አየር ጤና ይደርሳል፤ ማለትም ከቀኑ 6:30 እስከ 7:30 ባለው ጊዜ። ከዚያ መሀል ከተማ ለመግባት ሌላ ሰዓት። 8:30 ላይ ቢሮ ደጃፍ ላይ ነዎት እንበል። ከመናኸሪያ ጀምሮ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከቤት ሲቆጠር ከዚያ ትንሽ በለጥ ይላል።

ልዩነቱ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ቀላል አይደለም፣ ግን «ግማሽ ሰዓት ከስምንት ሰዓት» ተብሎ የሚነገረውም አይደለም።

የከሰዓት ትኬት ሌላ ዕቃ ነው

ያንኑ በረራ 8 ሰዓት ላይ አድርጉት። ከቤት 6 ሰዓት ይወጣል፣ 9 ሰዓት ያርፋል፣ 9:30 ደጅ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ያለው የቦሌ መንገድ ከጠዋቱ ስለሚብስ ሜክሲኮ 10:30። በተለመደው የመንግሥት ሥራ ሰዓት ቢሮ 11:30 ይዘጋል። አንድ ሰዓት ብቻ ቀርቶዎታል፣ እሱም ኃላፊው ቢሮ ካለ ነው። ሌሊት አውቶቡስ የያዘው ሰው ግን 8:30 ላይ ስለደረሰ ሦስት ሰዓት ነበረው።

ለቢሮ ጉዳይ የከሰዓት በረራ በአብዛኛው ገንዘብ ማባከን ነው ባይ ነኝ። የጠዋቱ ካልተገኘ ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ፤ ወይ አውቶቡሱን ይያዙ፣ ወይ የከሰዓቱን በረራ ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድመው ይያዙና ተኝተው ጠዋት ይግቡ። የከሰዓት ትኬት የሚጠቅመው ዘመድ ሊጠይቅ፣ ሠርግ ሊበላ ወይም ማታ ከቦሌ ወደ ውጭ ሊበር ለሚሄድ ሰው ነው።

ዓርብ ሲሆን ሂሳቡ ሌላ ነው። በዕለቱ የምሳ ዕረፍቱ ከ5:30 እስከ 7:30 ስለሆነ ጠዋት ላይ ያለው ጊዜ ያጥራል። 3:40 ላይ ቢሮ የደረሰ የጠዋት ተጓዥ ከምሳ በፊት ሁለት ሰዓት እንኳ አያገኝም፣ ከሰዓቱ ግን ሙሉ ነው። የአውቶቡስ ተጓዥ ምንም አልቀረበትም፤ እሱ የሚደርሰው ከዕረፍት በኋላ ነው። ዓርብ ዕለት አውሮፕላንና አውቶቡስ ለባለጉዳይ በጣም ይቀራረባሉ። ጉዳዩ ባይጠናቀቅ ደግሞ እስከ ሰኞ አዲስ አበባ መዋል ነው፤ ስለዚህ ምርጫ ካለዎት ዓርብን ይተዉት።

ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የኛ አይደለም

የአውቶቡስ ትኬት ላይ «11:30» ከተባለ ሌሊት አሥራ አንድ ተኩል ነው፣ ማንም አይሳሳትም። የአውሮፕላን ትኬት ግን በፈረንጅ ሰዓት፣ በ24 ቁጥር ነው የሚጻፈው። 07:30 ጠዋት አንድ ተኩል ነው፣ 14:00 ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ 18:00 ምሽት አሥራ ሁለት። ስድስት መቀነስ ብቻ ነው፣ ነገር ግን ለእናትና አባት ትኬት ቆርጦ ስልክ ላይ ፎቶውን ብቻ መላክ አይበቃም።

«ልጄ፣ ሰባት ተኩል ይላል፤ ዙሁር ሰግጄ ልውጣ?»

«አይ ሀጂ፣ እሱ በፈረንጅ ነው። ጠዋት አንድ ተኩል ማለት ነው። ሱብሂ እንደሰገዱ ባጃጁ ደጅ ይጠብቅዎታል።»

ቀኑም እንደዚያው ነው። የትኬቱ ኦክቶበር 22 በአብዛኛው ዓመት የኛ ጥቅምት 12 ነው። ቁጥሩን ብቻ ሰምቶ «12 ነው» ብሎ ኦክቶበር 12 ያስቆረጠ ሰው አሥር ቀን ቀድሞ ነው የቆረጠው፤ ያ ጥቅምት 2 ላይ ይውላል። ሲቆርጡ የሳምንቱን ቀን ጨምረው ይናገሩ፤ «ረቡዕ» ካሉ ቁጥሩ ቢሳሳት እንኳ ቆራጩ ይነቃል።

አውቶቡስ፦ መቼ ነው የሚያሸንፈው?

መጀመሪያ፣ መዳረሻዎ በመንገዱ ላይ ሲሆን። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 155፣ ወሊሶ 115 ኪሎ ሜትር አካባቢ ናቸው፤ ለእነዚህ አውሮፕላን ማሰብ ቦሌ ደርሶ ወደ መጡበት መመለስ ነው። ሰበታ፣ አለም ገና፣ አየር ጤና፣ ቤቴል፣ ጦር ኃይሎች ለሚሄድ ሰውም አውቶቡሱ በደጁ ያልፋል። በአውሮፕላን የመጣ ሰው ግን ከቦሌ ተነስቶ ከተማውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ማቋረጥ አለበት፣ ሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ከሆነ ይህ ብቻውን አንድ ሰዓት ተኩል ሊፈጅ ይችላል። መገናኛ፣ ገርጂ፣ ሲኤምሲ፣ ቦሌ ለሚሄድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከአየር ጤና እዚያ መድረስ የጉዞው አስቀያሚ ክፍል ነው።

ሁለተኛ፣ ዕቃ ሲኖር። ከጅማ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። ማር በጀሪካን፣ ቅቤ፣ በዘንቢል ቡና፣ አልፎ አልፎም ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ አለ። አውሮፕላን ውስጥ በእጅ የሚያዘው ሰባት ኪሎ ነው፤ ዳሹ ላይ ከመቀመጫ በላይ ያለው ሣጥን ደግሞ ጠባብ ስለሆነ ትልቅ የእጅ ሻንጣ ደረጃው ሥር ተቀብለው ከታች ይጭኑታል። ማርና የቀለጠ ቅቤ ፈሳሽ ስለሆኑ በእጅ ይዞ መግባት አይታሰብም። ከሻንጣ ጋር የሚላኩ ከሆነ ክዳኑን በፕላስቲክ ጠምጥመው በድርብ ፌስታል ያድርጉት፤ ጀሪካን አየር ላይ ይነፋል፣ ክዳኑ ከላላ የሚፈሰው ልብስዎ ላይ ነው። በአውቶቡስ ለረዳቱ የጭነት ከፍሎ ከታች ማስገባት ነው።

በርጩማውን በተመለከተ፦ ከአንድ እንጨት ተጠርቦ የሚወጣ ስለሆነ እግሩ አይነቀልም፣ ሻንጣ ውስጥ ለመክተትም አይመችም። በካርቶን ተሸፍኖ በአውቶቡስ ቢሄድ ይሻላል።

ቡና ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለቤት የሚሆን ትንሽ ቡና የሚያስቸግር አይደለም፤ ከዚያ በላይ ያለ ወረቀት መጫን ግን ኬላ ላይ ያስወርሳል፣ አውቶቡሱንም ከነተሳፋሪው ያስቆማል።

ሦስተኛ፣ የቤተሰብ ጉዞ። አራት ሆኖ ለሚሄድ ቤተሰብ የአውሮፕላኑ የዋጋ ልዩነት በአራት ይባዛል፣ የሚተርፈው አምስት ሰዓት ግን አይባዛም።

ጉዳቱን ደግሞ እንናገር። ብዙዎቹ አውቶቡሶች ሽንት ቤት የላቸውም፤ ዕረፍቱ ሾፌሩ የለመደው ምግብ ቤት ላይ ነው። ስኳር ያለበት ወይም ጉልበቱ የሚያስቸግረው ሰው ከፊት ወንበር እንዲሰጠው ትኬት ሲቆረጥ ይነገር እንጂ ሲሳፈሩ አይጠየቅም፣ ያኔ ሁሉም ወንበሩን ይዟል። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ጠዋት ስትጓዙ ፀሐይ በብዛት ከቀኝ ነው የምትመታው፤ መጋረጃ የሌለው መኪና ከሆነ ግራውን ይምረጡ።

ሚኒባስና የራስ መኪና

ሚኒባስ ከአውቶቡስ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀድማል። ግን ሞልቶ ነው የሚነሳው። «አንድ ሰው ብቻ ቀረ» እየተባለ ተራ ላይ የሚጠፋው ጊዜ የሚቀድመውን ሰዓት ይበላዋል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ጥቅም የሚኖረው ሦስት አራት ሰው ብቻ የጎደለው ላይ ሲገቡ ነው። ምሽት ላይ የሚነሱትን አልመክርም። መርቅኖ የሚነዳ ሾፌር ጊቤ ላይ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግርም፣ ይህን መስመር የሚያውቅ ሁሉ አንድ ታሪክ አለው። ከአጠገቡ የተቀመጡ ከሆነ ማናገርዎን አይተዉ፤ «ቀስ በል ወንድሜ» ማለት መብትዎ ነው።

በራስ መኪና ስድስት ሰዓት ይበቃል። በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚጠጣ መኪና ለመሄጃ ብቻ 35 ሊትር ይፈልጋል፤ ሦስት ሰው ከሞላበት ከአውሮፕላን ይረክሳል። ነዳጁን ከጅማ ሳይወጡ ይሙሉ፣ ፍሬኑንም ከጊቤ በፊት ያስፈትሹ።

ክረምትና ሕዝብ የሚበዛባቸው ቀኖች

ጅማ ዝናብ አያጣትም። ክረምት ላይ ጠዋት የወረደ ደመና ማረፊያው ላይ ተኝቶ ሲቀር አውሮፕላኑ ቦሌ ላይ እንዳለ ይጠብቃል፤ እዚህ ያለው ተሳፋሪ ሰማዩን እያየ ቡና ይጠጣል። መንገዱም ክረምት ላይ አይመችም፣ ግን ሁለቱ የሚበላሹት በተለያየ ሰዓት ነው። አውቶቡሱ ካልተነሳ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ያውቁታል፣ ሌላ መኪና ለመፈለግ ቀኑ ሙሉ ነው። አውሮፕላኑ ሲሰረዝ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ረፍዶ ነው፤ ያኔ ጥሩዎቹ አውቶቡሶች ጊቤን አልፈዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ የኤምባሲ ቃለ መጠይቅ ወይም ፈተና ያለበት ሰው በየትኛውም ቢሄድ አንድ ቀን ይቅደም።

በጋ ላይ ደግሞ አየሩ ሲጠራ በረራው ደስ ይላል። የዳሹ ክንፍ ከላይ ስለሆነ ማንም መስኮት ላይ የተቀመጠ መሬቱን ያያል። መንኮራኩሩ ከሞተሩ ሽፋን ውስጥ ሲወጣና ሲገባም በመስኮት ይታያል፣ ሕፃን ይዞ ለሚሄድ ጥሩ ማስታገሻ ነው። ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ቀኝ በኩል ቢቀመጡ የግልገል ጊቤን ግድብ ሐይቅ ሊያዩ ይችላሉ። ከፕሮፔለሩ ጋር ትይዩ ያሉት ወንበሮች ይጮሃሉ፤ ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ራቅ ይበሉ።

ከዝናቡ በላይ ትኬት የሚያጠፋው ግን ሕዝብ ነው። የጅማ መንገድ የጉራጌም መንገድ ነው። መስቀል ሲቃረብ ከአዲስ አበባ እስከ ወልቂጤ ያለው ጉዞ ይጨናነቃል፣ የዓረፋ ሰሞንም እንደዚያው ነው። መስከረም አጋማሽ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ አውሮፕላን ይሞክር፣ ካልሆነለት አውቶቡሱን ቀደም ብሎ ይቁረጥ። ከመስቀል በኋላ ባሉት ቀኖች ደግሞ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ነው የሚበዛው፤ ከጅማ የተነሳ መኪና ከወልቂጤ በኋላ ዝግ ይላል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲጠራና ሲያስመርቅም ሁለቱም ይሞላሉ። የኢድ፣ የገናና የፋሲካ ዋዜማን መናገር አያስፈልግም።

ሌላም አለ። የመንገዱ የጸጥታ ሁኔታ አንዳንዴ ይለዋወጣል። ከመነሳት አንድ ቀን በፊት መናኸሪያ ሄዶ ከዚያው ቀን የገቡ ሾፌሮችን መጠየቅ ፌስቡክ ከማንበብ ይበልጣል። «መንገዱ ሰላም ነው?» ሲባሉ አፋቸውን ሞልተው ካልመለሱ ይጠብቁ ወይም በአየር ይሂዱ። እንዲህ ባለ ጊዜ የሰዓትና የዋጋ ንጽጽር ቦታ የለውም።

ብሩ

ዋጋ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጽፍም፣ አሠራሩን ግን እነሆ። ከአውሮፕላን ወገን ትኬቱንና ከቦሌ የሚከፍሉትን ታክሲ ይደምሩ። ከአውቶቡስ ወገን ትኬቱን፣ መንገድ ላይ የሚበሉትን፣ ከአየር ጤና የሚከፍሉትን ይደምሩ፤ ብዙ ሰው የሚረሳውን ደግሞ ይጨምሩ፦ ጉዳይዎ በሦስት ሰዓት የማያልቅ ከሆነ የአንድ ሌሊት አልጋና እራት። ዘመድ ቤት ካደሩ አልጋው ዜሮ ነው፣ ባዶ እጅ ስለማይገባ ግን ሙሉ በሙሉ ዜሮ አይደለም። እንበል ልዩነቱ 4,000 ብር ወጣ፤ አምስት ሰዓት ይተርፋል ካልን አንዱ ሰዓት 800 ብር ነው። ሱቅ ዘግቶ የሚሄድ ነጋዴ ይህን አይቶ ሊስቅ ይችላል፣ ደሞዝተኛ ደግሞ ሁለቴ ያስባል። አልጋው ሲጨመር ልዩነቱ በጣም የሚጠብበት ጊዜም አለ፤ ሳያሰሉ «አውሮፕላን ለሀብታም ነው» ማለት ሁልጊዜ እውነት አይደለም።

ለአገር ውስጥ በረራ ኢትዮጵያዊና የውጭ ዜጋ የሚከፍሉት ዋጋ አንድ አይደለም፤ ከውጭ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጣ መንገደኛ በዚያ ትኬት ቅናሽ ስለሚያገኝ ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ካለ ለየብቻ ከመቁረጥ በፊት ይጠየቅ። ክፍያው በቴሌብርም ይሆናል። ትኬቱ ሲሰረዝ ወይም ቀን ሲቀየር የሚያስቀጣው በገዙት ዓይነት ላይ ስለሚወሰን በጣም ርካሹን ሲያዩ ይህን ያንብቡ። ቀጠሮው ሊዛወር የሚችል ሰው ከርካሹ ይልቅ የሚቀየረውን ቢገዛ ያዋጣዋል።

ሕመምተኛና አረጋዊ

ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወደ ጥቁር አንበሳ ሪፈር የተጻፈለት ሰው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው አውሮፕላን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ልክ ናቸው። ሆኖም ቁጭ ማለት የማይችል፣ ኦክስጅን የሚያስፈልገው ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ዝም ብሎ ትኬት ተቆርጦለት አይሳፈርም። አየር መንገዱ የሐኪም ወረቀት ይጠይቃል፣ ቃሬዛ ከሆነም አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። የእርግዝና ወሯ የገፋ እናትም ወረቀት ልትጠየቅ ትችላለች። ይህን ማረፊያው ላይ ከመስማት ትኬት ሲቆረጥ መናገር ይሻላል። ወረቀቱ የማይደርስ ከሆነ አምቡላንስ ወይም ኋላው ሰፊ የሆነ ኮንትራት መኪና ይያዝ፤ ጊቤ ላይ ያለው ሙቀትና መንገጫገጭ ታሳቢ ሆኖ ውሃና ትራስ ይበዛለት።

ጉልበት ብቻ የሚያስቸግራቸው እናት ግን በአውሮፕላን ይሂዱ። ዊልቸር በነፃ ይጠየቃል፤ ማፈር አያስፈልግም።

ከቦሌ ወደ ውጭ ለሚቀጥሉ

ወደ ጅዳ፣ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን የሚሄድ የጅማ ሰው ሁለት መንገድ አለው። የጅማውንና የውጩን በረራ በአንድ ትኬት ከቆረጠ ሻንጣው እስከ መጨረሻው መላክ ይችላል፤ የጅማው ቢዘገይና የውጩ ቢያመልጠው በቀጣዩ በረራ ማሳፈር የአየር መንገዱ ሥራ ነው። ለየብቻ ከቆረጠ ግን ያመለጠው በረራ የራሱ ጣጣ ነው። ርካሽ ስለሆነ ለየብቻ የሚቆርጥ ሰው ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ቀድሞ አዲስ አበባ ይግባ፤ እንዲህ ከሆነ ደግሞ አውቶቡሱም ያው ነው፣ የሻንጣ ጉዳይም አያስጨንቀውም።

በአንድ ትኬት የተቆረጠ ሲሆን በሁለቱ በረራዎች መካከል ሦስት ሰዓት ቢኖር እመርጣለሁ። ቦሌ ላይ የአገር ውስጥ መንገደኛ የሚወርድበትና ዓለም አቀፉ መነሻ አንድ ቦታ አይደለም፤ ኢሚግሬሽኑና ፍተሻው ሰልፍ አለው። ማታ ብዙ በረራ በአንድ ሰዓት ስለሚነሳ ሰልፉ በጣም የሚረዝመው ያኔ ነው። የጅማው ከሰዓት በረራ ከዚህ ጋር ሲገጥም ጥሩ ምርጫ ይሆናል፣ ቦርሳዎ ውስጥ የተቆላ ቡና ካለም በደንብ ታሽጎ ከሚላከው ሻንጣ ውስጥ ይግባ።